ክዳኑ ያልጠበቀ ዕለት

ቲርዛ ዋሻ ትፈራ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። «አንቺ? ጀልባ ላይ ተወልደሽ?» ይሏታል። እውነትም የተወለደችው ጀልባ ላይ ነው። እናቷ ከኋለኛው ክፍል፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ጀልባዋ ከሰል ጭና ጀልባ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው የውሃ በር ተራ ስትጠብቅ ነው የተገላገለቻት። አባቷም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉዞ ቀጠለ ይባላል፤ ከሰሉን የሚጠብቅ ፋብሪካ ሴት ወለደች ብሎ አይታገሥም።

ውሃማ አትፈራም። የምትፈራው ዋሻ ነው፤ እሱም ከልጅነቷ የመጣ ነገር ነው። ያኔ ቤተሰቡ የሚነዳው ሁለት ጀልባ ነበር። ባለሞተሯን አባቷ ከፊት ይነዳል፤ በገመድ የምትጎተተዋን እናቷ ከኋላ ትመራለች። ለጀልባ የተቆፈረው ቦይ ኮረብታ ገጥሞት ዋሻ ውስጥ ሲገባ፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቁ ከክፍሉ ይከተቱና በሩ ከውጭ ይቀረቀራል። ፋኖስ አይበራም፤ ጀልባው ግድግዳ ሲነካ ይወድቃልና። ታዲያ ትንሿ ቲርዛ በጨለማ ቁጭ ብላ የጀልባው ጎን ከጡቡ ጋር ሲፋተግ ትሰማለች። ከጆሮዋ ሥር ነው፤ የሚለያቸው አንድ ሳንቃ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ጥፍሩን እየሳለ ጎን ለጎን አብሯት የሚሄድ ይመስላት ነበር። እናቷ ከውጭ በተረከዟ ሳንቃውን ትመታላታለች፤ «አለሁ» ማለቷ ነው። አንዳንዴ ግን መሪው ሲያስቸግራት ትረሳለች። ያኔ ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ትቀራለች።

ቲርዛ ስታድግ የከሰሉ ጭነት በመኪና ሆነ፤ የቦይ ሰዎችም አንድ በአንድ ወደ የብስ ወጡ። እሷም ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ የሚጠግን፣ ኢኖክ የሚባል ረጅም ቀልደኛ ሰው አገባች። ቤት ተከራዩ፣ ኋላም ገዙ፣ ጉዌንዳ የምትባል አንዲት ልጅ አሳደጉ። ኢኖክ ጡረታ የወጣ ጊዜ እንዲህ አላት፤

«አንቺ ሴትዮ፣ በእንቅልፍሽ ጀልባ ስትነጂ ስንት ዓመት ተገፈተርኩ። እውነተኛውን ገዝተን ጎኔን ላሳርፍ።»

ቤቱ ተሸጠ፤ ሊኔት የምትባለዋ ጀልባ ተገዛች። ሊኔት እንደ እህቶቿ የቦይ ጀልባዎች ሁሉ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ግድግዳና ግድግዳዋን ለመንካት ትንሽ ነው የሚቀረው። ከፊት ምድጃ ያለበት ሳሎን፣ መሐል ላይ ማድ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ከመሪው እግር ሥር አልጋው አለ። መሪውን የያዘ ሰው ጎንበስ ቢል፣ የተኛውን በበሩ ያየዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን መልካም ነበር። በአንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ አያስሩም፤ የቦዩ ሕግም አይፈቅድም፣ የኢኖክም እግር አያስችለውም። ዋሻ ሲመጣ መሪውን እሱ ይይዛል፤ ቲርዛ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ መጋረጃውን ትጋርዳለች፣ ድንች መላጥ ትጀምራለች። ዋሻ የሚለኩትም በዚሁ ነበር። «ያ የአራት ድንች ነው፤ ይሄኛው የአሥር ነው» ይላል ኢኖክ። ኮልድ አሽ የሚባለው ዋሻ ግን ረጅም ስለነበር፣ «ለኮልድ አሽ ጆንያ ድንች ግዢ፣ እንግዳ እንጠራለን» ብሎ ያሾፍባታል።

ያለፈው የብርድ ወራት ላይ ኢኖክን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሰለሉ። ምላሱ ለጊዜው ታስሮ ነበር፤ ኋላ ተፈታ፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ቃሉ ከአፉ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው። ጉዌንዳ ደግሞ ኮልድ አሽ ከሚያልፍበት ኮረብታ ማዶ፣ ከጀልባ ማሠሪያው ግቢ አጠገብ ነው የምትኖረው። ለሁለቱ የሚሆን መሬት ላይ ያለ ክፍል አይታለች።

«እማዬ፣ አባዬን ነርስ በሳምንት ሁለቴ ማየት አለባት። አንቺ ደግሞ በዚያ ዋሻ በኩል ማለፍ አትችዪም። አትችዪም አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ ነዋ! ድንቹን ሁሉ ነግሮኛል።»

ቲርዛ ተናደደች። ከኋላቸው ያለው የውሃ በር ለጥገና ሊዘጋ ነው፤ ከተዘጋ እስከ ጸደይ በዚያ ተመልሶ መሄጃ የለም። ነርሷ ያለችው ከማዶ ነው። ወይ ኮልድ አሽን ታልፋለች፣ ወይ ሊኔት ትሸጣለች። «አመጣዋለሁ» አለች ለልጇ። «አባትሽን ከነአልጋው፣ ከነጀልባው አመጣልሻለሁ። ካመጣሁት የክፍሉን ወሬ ሁለተኛ አታነሺብኝ።»  «ካላመጣሽውስ?» አለች ጉዌንዳ። 

ዕለቱ ደመናማ ነበር፤ ዝናብ ሊጥል ያስብና ይተወዋል። ዋሻው ሲቀርብ ቦዩ በሁለት ገደል መሐል ይገባል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ስላራገፉ ውሃው አይታይም፤ ቡናማ ምንጣፍ ላይ የሚሄዱ ነው የሚመስለው። እዚያ ላይ ሞተሩ አቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሊኔትም እግሯ እንደታሰረ በቅሎ ቆመች። ከሥር እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው ውልብልቢት ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሟል።

ቲርዛ ጀልባዋን ከዳር አሠረች፤ ሞተሩን አጥፍታ የቆመችበትን ሳንቃ አነሣች። ከሥሩ ወደ ውልብልቢቱ የሚያወርድ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ በብረት ክዳን ይዘጋል፤ በክዳኑ ላይ አንድ ብረት ይጋደምና በትልቅ ብሎን ይጠብቃል። የቦይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ክዳኑን ሳታጠብቅ ሞተር አታስነሳ። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ውሃው ከጉድጓዱ አፍ በታች ስለሆነ ዝም ይላል። ውልብልቢቱ ሲዞር ግን ውሃውን ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ያልጠበቀ ክዳን ይገለበጣል፤ ጀልባዋ ከኋላ በኩል ውሃ ትሞላለች።

እጇን እስከ ትከሻዋ ውሃው ውስጥ ከተተችው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኢኖክ ከአልጋው ላይ ሆኖ ያዛል።

«ምንድነው? ገመድ ነው?»

«የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ሽቦም አለበት።»

«ቀስ ብለሽ ቁረጪው። ጣትሽን እንዳትቆርጪ፣ ሌላ የሚሠራ እጅ የለንም።»

«አንተ ዝም በል፣ እሱ እንኳ ይቅለለኝ።»

በዳቦ ቢላዋ እየቆራረጠች አወጣችው። ክዳኑን መለሰች፤ ብረቱን በላዩ አጋደመች። ብሎኑን ልታዞር እጇን ስትሰድ ከዋሻው አፍ የሞተር ድምፅ መጣ። ከሰል እያዞረ የሚሸጠው ሲሪል ነበር፤ ፊቱ እንደ ልማዱ ጠቁሯል፤ ውሻው ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጧል። ቲርዛ ልታናግረው ብድግ አለች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«እትዬ ቲርዛ! ብቻሽን ልትገቢ ነው?»

«ብቻዬን አይደለሁም፤ ኢኖክ አለ።»

«ኢኖክማ አሁን ጭነት ነው!»

«ሰምቼሃለሁ፣ አንተ ጥላሸታም!» የሚል የተጣመመ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ሲሪል በሣቅ ፈነዳ። «ምላሱማ ድኗል! ስሚኝ እትዬ፣ ዋሻው ባዶ ነው። ከኋላዬ ማንም የለም። እነዚያ የኪራይ ጀልባ ነጂዎች መጥተው መሐል ላይ ሳይገጥሙሽ አሁኑኑ ግቢ። ወይም ቅዳሜ ድረስ ጠብቂኝና እኔ ላሻግርሽ።»

«ቅዳሜ አልጠብቅም።»  ድፍረቷ የተበደረችው ስለመሰላት፣ ባለቤቱ መጥቶ ሳይጠይቃት ልትጠቀምበት ቸኮለች። ሳንቃውን በእግሯ ገፍታ አለበሰችው፣ ሞተሩን አስነሣች፣ ገመዱን ፈታች። ብሎኑ እንዳልዞረ ትዝም አላላት።

ዋሻው ዋጣቸው።

መጀመሪያ ከኋላ ያለው ብርሃን ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ከዚያ ጀርባዋ ላይ፤ ከዚያ ጠፋ። ከፊት የሊኔት መብራት ቢጫ ሆኖ ጡቡን ያሳያል፤ ጡቡ ያልበዋል፤ ከላይ በየቦታው ካለው የአየር ጉድጓድ ውሃ ይወርድና ከአንገቷ ላይ ይወድቃል። የሞተሩ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመታ፣ አንድ ሌላ ጀልባ ከኋላዋ የሚከተላት ይመስላል። ዞር ብላ ማየት ፈራች። ከሩቅ መውጫው ይታያል፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። ብትሄድ ብትሄድ አይሰፋም።

«ኢኖክ!»

«አለሁ።»

«ተኝተህ ነው?»

«አንቺ እየጮኽሽ ማን ይተኛል?»

ትንሽ ሄዱ። ቲርዛ መሪው እየከበዳት መጣ። ጀልባዋ ስትዞር ትዘገያለች፤ እንደ ሰከረ ሰው ቂጧ ወደ ኋላ ይጎተታል። ከዚያ መብራቱን አየች። መብራቱ ውሃውን አያሳይም ነበር። ጣሪያውን ነበር የሚያሳየው። ቀስ እያለ፣ ጡብ በጡብ፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው። የመርፌ ቀዳዳዋም ከሊኔት አፍንጫ ሥር ተሸሸገች።

 ቲርዛ መጀመሪያ ያሰበችው ዋሻው እየወረደ ነው ብላ ነው። ያ የልጅነቷ ነገር፣ ያ ጥፍሩን የሚስለው፣ ጀልባዋን ከኋላ ይዞ ወደ ታች የሚጎትታት መሰላት። ፍርሃት አንድ ምክር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሩጪ ይላል። የሞተሩን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ሞተሩ አጓራ። መሪው ይበልጥ ከበደ። መብራቱ ይበልጥ ወጣ።

«ቲርዛ» አለ ኢኖክ።

«ዝም በል! እየወጣን ነው!»

«ቲርዛ፣ ጫማዬ እየሄደ ነው።»

«ምን?»

«ጫማዬ። ከአልጋው ሥር ወጥቶ ወደ በሩ እየዋኘ ነው።»

ጎንበስ ብላ በበሩ አየች። ውሃው የክፍሉን ወለል ሸፍኖታል፤ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የኢኖክ የቤት ጫማ በላዩ ተንሳፍፎ ይሽከረከራል። ቦዩ ለቆመ ሰው ወገብ ቢደርስ ነው። ለተኛ ሰው ግን፣ ያውም ግማሽ አካሉ ለማይታዘዝለት ሰው፣ ከበቂ በላይ ነው።

«ሞተሩን አጥፊ» አለ ኢኖክ።

«እዚህ? መሐል ላይ? ምን ነካህ፣ ቶሎ ብንወጣ አይሻልም?»

«ውልብልቢቱ ነው የሚሞላን። በፈጠንሽ ቁጥር ይሞላል። ክዳኑን አጥብቀሻል?»

ቲርዛ ከእግሯ ሥር ያለውን ሳንቃ አየች። እጇ ብሎኑን እንዳልነካ እጇ ራሱ ነገራት።

«አጥፊው፣ የኔ እመቤት» አለ ኢኖክ፤ ድምፁን እንደ ሕፃን ማባበያ አድርጎ። «እኔ የትም አልሄድም። ወዴት እሄዳለሁ?»

በዚያ ዋሻ መሐል መቆም፣ ዕድሜዋን ሙሉ በክፉ ሕልሟ የምታየው ነገር ነው። ቁልፉን ስታዞር እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ነበር። ሞተሩ ሞተ። ዝምታው መጣ፤ በዝምታው ውስጥ ደግሞ የገባው ውሃ በሊኔት ሆድ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲላጋ ተሰማ፤ ላም እንደምትጠጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠገብኩ ሳይል።

ተንበርክካ ሳንቃውን አነሣች። እጇን ሰደደች፤ ክዳኑ ተገልብጦ ከሞተሩ ጎን ወድቋል። በጣቷ ጫፍ ስትዳስስ የጉድጓዱ አፍ ከውጭው ውሃ በላይ የቀረው ሁለት ጣት ብቻ ነው። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሞተር ጠፋ አልጠፋ ውሃው ራሱ መንገዱን ያውቀው ነበር። ክዳኑን አነሣች፤ ከበዳት፣ አንዴ ከእጇ አመለጠ፤ እንደገና ያዘችው። ገጠመችው። ብረቱን አጋደመች። ብሎኑን አዞረች፣ አዞረች፤ መዳፏ ተልጦ ደም እስኪያወጣ አጠበቀችው።

መብራቱ ያኔ ጠፋ። ባትሪው ውሃ ገብቶበታል።

እንዲህ ያለ ጨለማ የብስ ላይ የለም። ዓይንን ቢከፍቱት ቢጨፍኑት ለውጥ የለውም። ቲርዛ ሳንቃውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ድስቱን ስጪኝ» አለ ኢኖክ።

«ምን ልታደርግበት?»

«ሾርባ ልሠራ። ውሃ ልቅዳ እንጂ! ግራ እጄ ደኅና ነው።»

በዳበሳ ሄዳ ድስት ሰጠችው፤ ለራሷ የዕቃ ማጠቢያውን ሳህን ያዘች። እሷ ከሞተሩ ጉድጓድ እየቀዳች ወደ ውጭ ትደፋለች፤ እሱ ከአልጋው ጠርዝ ተንጋዶ እየቀዳ በመስኮቱ ይደፋል፤ ግማሹ ተመልሶ እሱው ላይ ይፈስሳል፤ ይሳደባል። ስድቡን ስትሰማ ልቧ ይመለስላታል። ስንት ጊዜ እንደቀዱ አይታወቅም። ሊኔት ቂጧን ቀስ በቀስ ከውሃው አነሣች።

ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ የቀረው ግድግዳውን በእጅ እየገፉ መሄድ ብቻ ነበር። ቲርዛ ወደ ፊት ለመሄድ በክፍሎቹ መሐል ስታልፍ፣ «ድስቱን ምታልኝ» አለችው። «እየመታህ ቆይ። ካልሰማሁህ እጄ አይሠራም።»

ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ጡቡ እንደ እንቁራሪት ቆዳ ያዳልጣል፣ ይቀዘቅዛል። እንዳትነካው ከልጅነቷ የሸሸችውን ነገር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ገፋችው። ሊኔት አንድ ክንድ ያህል ሄደች። እንደገና ገፋች። ከኋላ ድስቱ ኳ፣ ኳ ይላል። ገፋች። ኳ። ገፋች። ኳ።

ዝም አለ።

ቲርዛ እጆቿ ከጡቡ ላይ እንደተጣበቁ ቀረች። አንገቷን ማዞር አልቻለችም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የራሰ ሽማግሌ፣ ስትሮክ የመታው፣ እሷ ባልጠበቀችው ክዳን የተነሣ። «ኢኖክ» አለች። ደገመችው፤ ዋሻው ተቀብሎ ስሙን ሩቅ ወሰደው። «ኢኖክ!»

«እጄ ደከመ እንጂ አልሞትኩም!» አለ ከሩቅ። «አንቺ ሰውን በሞትም አታሳርፊም?»

አለቀሰች፤ እያለቀሰች ገፋች።

ጉዌንዳ ከማዶው የዋሻ አፍ ጃንጥላ ይዛ ትመላለስ ነበር። መጀመሪያ ያየችው መብራት የሌላት የጀልባ አፍንጫ ነው፤ ድምፅ አልባ ሆና ከጨለማው ስትወጣ፤ ከዚያ ፊቷ ጭቃ የሆነ፣ ሁለት መዳፏ የደማ እናቷን። ገመዱን ተቀብላ አሠረች፤ ዘላ ወደ ኋላው ክፍል ገባች፤ አባቷን እርጥቡን አውልቃ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ድስቱን ከእጁ ልታስለቅቀው ብትል እምቢ አለ፤ ጣቶቹ ደርቀው ነበር።

«ምን ሆናችሁ? እማዬ፣ ምን ሆነ?»

ኢኖክ ሊዋሽላት አፉን ሲከፍት ቲርዛ ቀደመችው። «ክዳኑን አላጠበቅሁም። ፈርቼ ቸኮልኩ፤ ረሳሁ። አባትሽን ልገድለው ነበር።» ከደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ክፍሉ አሁንም አለ? ካለ ውሰጂው። እኔ ከእንግዲህ እጄን አላምነውም።»

ጉዌንዳ ይህን ቃል ስትጠብቅ ከርማ፣ አሁን ሲመጣላት ምን እንደምታደርገው አላወቀችም።

«ማን ይሄዳል?» አለ ኢኖክ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «እጇ ረሳ፤ እኔ አስታወስኩ። እኔ እጅ የለኝም፤ እሷ አላት። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አንሆንም?»

«አንድ ሰው እንኳ አትሆኑም፣ አባዬ» አለች ጉዌንዳ እንባዋን እየጠረገች። «ሩብ ይጎድላችኋል።»

«እንግዲያው ሩቡን አንቺ ሙዪዋ!»

ጉዌንዳ ተነሣች። ምድጃውን አነደደች፣ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ጠብሳ በቅቤ ቀባች። ስለ ክፍሉ የተባለ ነገር የለም። ኋላ አንድ ሰው ከጀልባ ማሠሪያው ግቢ መጥቶ ሊኔትን ጎትቶ ከግቢው አሠራት፤ ጉዌንዳ ግን ቤቷ ሁለት እርምጃ ሆኖ ሳለ አልሄደችም። ከደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ወለሉን ታይ ነበር።

ሲመሽ ዝናቡ ሐሳቡን ቆርጦ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄ ድምፅ ምንድነው?»

«ዝናብ ነው።»

ጉዌንዳ ጆሮዋን ወደ ወለሉ አቀናች። «ይሄኛውስ? ከሥር የሚመጣው?»

«ዳክዬዎች ናቸው። ከጀልባው ጎን የበቀለውን አረንጓዴ ይለቅማሉ።»

«አሁንስ?»

«ዝናብ ነው፣ ልጄ። አይዞሽ።»

ቲርዛ ይህን ያለችው ከኢኖክ ጎን ጋደም ብላ፣ ድምፅዋን አረጋግታ ነው። ጉዌንዳ ፊቷን ወደ ምድጃው ስታዞር ግን፣ ማንም ሳያያት፣ በጨርቅ የታሠረውን መዳፏን ከአልጋው ጠርዝ ቀስ አድርጋ አወረደችና በጣቶቿ ጫፍ ወለሉን ዳሰሰች። ደረቅ ነበር። እጇን ግን እዚያው ተወችው።